ትርፏ ኤስ

ጠይብ እንግሊዝኛ አይችልም ነበር። ቢሆንም መርካቶ ውስጥ ከሲኒማ ራስ እስከ ሶማሌ ተራ ድረስ ከተሰቀሉት የእንግሊዝኛ ታፔላዎች አብዛኞቹን የጻፈው እሱ ነው። ደንበኛው የሚፈልገውን በቁራጭ ወረቀት ይዞለት ይመጣል፤ ጠይብ ላሜራውን ነጭ ይቀባል፣ ሲደርቅ በጠመኔ መስመር ይጥላል፣ ከዚያ ፊደሎቹን ከወረቀቱ እያየ አንድ በአንድ ያሰፍራቸዋል። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ባለቤቱ ሲነግረው ነው። ከወሎ የመጣው በልጅነቱ፣ አራተኛ ክፍልን እንደጨረሰ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜ ያሳለፈው ከብሩሽና ከቀለም ማቅጠኛው አኳራጅ ጋር ነው። ፊደል ለእሱ ቅርጽ ነው። ከቅርጾቹ ሁሉ የምታስቸግረው ደግሞ ኤስ ናት። የላይኛው ሆዷ ከታችኛው ትንሽ ካላነሰ ተዘቅዝቃ የተሰቀለች ትመስላለች። ስለዚህ ኤስ ስትመጣ ትንፋሹን ይዞ ነው የሚጽፋት።

ከሱቁ አጠገብ ወርቁ የሚባል የጎጃም ሰው ጫማ ይሰፋል። ሁለቱ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ሥጋ ካልሆነ በቀር ምሳም አብረው ይበላሉ። ወርቁ ታፔላ ላሠራ ባለ ጊዜ የእህቱ ልጅ በወረቀት ጽፎ የሰጠው «ሹ ሪፔረር»፣ ጫማ ጠጋኝ፣ የሚል ነበር። ጠይብ ደግሞ ከአራተኛ ክፍል የቀረችው አንዲት ነገር ነበረች፤ በእንግሊዝኛ ነገር ሲበዛ መጨረሻው ላይ ኤስ ይጨመርበታል። ወርቁ የሚሰፋው አንድ ጫማ ብቻ አይደለም። እንዲያው አንድ ሰው እንኳ ቢመጣ ጫማው ሁለት ነው። ስለዚህ ማንም ሳያዘው፣ ለጓደኛው ብሎ፣ ያማረች ኤስ ጨመረለት። ታፔላው፣ ኤሷ እዚህ እንደ ዝ ስለምትነበብ፣ «ሹዝ ሪፔረር» ሆነ። ወርቁ ነገሩ ሲነገረው ደስ አለው፤ ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ ኤሷን እያሳየ ጠይብ የጨመረልኝ ናት ይል ነበር።

በ1979 ሰኔ ላይ፣ ትምህርት ቤቶች ሊዘጉ ሲሉ፣ ሚስተር ኩሪያን የሚባሉ ህንዳዊ አስተማሪ ጫማቸውን ሊያሰፉ መጡ። አገራቸው ሊገቡ ስለነበር ተረከዙ ቶሎ እንዲመታላቸው ነበር የፈለጉት። አማርኛቸው የተሰባበረ ቢሆንም ያግባባል። ወርቁ ሲሠራላቸው እሳቸው በባዶ ካልሲ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ወደ ላይ ሲያዩ ታፔላውን አነበቡና ፈገግ አሉ። ከዚያ ጣታቸውን አንስተው «አንድ ኤስ ትርፍ ነው» አሉ።

ጠይብ ይህን ከሱቁ ሆኖ ሰማ። ብሩሹን እንደያዘ ወጣና ለምን ትርፍ እንደምትሆን ጠየቃቸው። ሰውየው የሚሰፋው ብዙ ጫማ ነው እኮ አላቸው። ሚስተር ኩሪያን ራሳቸውን እየነቀነቁ አሰቡ። ብዙ ጫማ ነው፣ ልክ ነህ አሉት፤ ግን «ሹ ሪፔረር» ነው የሚባለው። ለምን እንደሆነ ግን በአማርኛ ሊሉት አልቻሉም፤ በእንግሊዝኛም የተናገሩትን ጠይብ አልተረዳውም። ወዲያው ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አዩና «እዚያ ኤስ አለ። እዚያ ጥሩ ነው» አሉ። የመለዋወጫው ታፔላ «ስፔር ፓርትስ ዲለር» ይላል። እሱንም የጻፈው ጠይብ ነበር፤ እንደ ወረቀቱ።

ተረከዙ ተመታ፣ ሚስተር ኩሪያን ጫማቸውን አድርገው ሄዱ። በሳምንቱ አገራቸው ገቡ። ጠይብን ከነጥያቄው ትተውት ሄዱ ማለት ነው።

በማግስቱ ጠይብ የራሱን ታፔላዎች እያየ መርካቶን ይዞር ጀመር። እስከዚያ ቀን ድረስ ያያቸው የነበረው ቀለማቸው ለቆ እንደሆነ፣ ዝናብ ፊደላቸውን በልቶት እንደሆነ ነበር። አሁን የሚፈልገው በዕቃው ስም መጨረሻ ላይ የምትመጣውን ኤስ ነው። ሰዓት ጠጋኙ ዘንድ ሄደ፤ «ዋች ሪፔረር» ይላል፣ ኤስ የለውም። መጽሐፍ ሻጩ ዘንድ ሄደ፤ እዚያም የለም። የስፖርት ዕቃ የሚሸጠው ዘንድ ግን አለ። ባለቤቶቹን ለምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው ሁሉም ወረቀቱ እንደዚያ ስለሚል ነው አሉት። ግን ጥያቄው ከተነሳ በኋላ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው አልተገኘም። ሰዓት ጠጋኙ አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ አውጥቶ ትንሽ ካሰበ በኋላ፣ ሰዓት የሚጠገነው አንድ አንዱን ስለሆነ ይሆናል አለው። መጽሐፍ ሻጩም ተስማማ፤ ሰው ሁለት መጽሐፍ ባንዴ ሲገዛ አይቶ አያውቅም። የመለዋወጫው ነጋዴ ደግሞ ሳቀና፣ አንድ ዕቃ ብቻ የተበላሸባት መኪና ወደ ሶማሌ ተራ መጥታ እንደማታውቅ ነገረው። አንዱን ሲፈቱት ሌላው ይሰበራል። ኤሷ ለዚያ ነው።

ይህ ለጠይብ እውነት መሰለው። ወደ ወርቁ ተመልሶ ጫማ የሚሰፋው ሁለት ሁለት ነው ወይስ አንድ አንድ ብሎ ጠየቀው። ወርቁ መልሱ ግልጽ ነው አለ፤ እጁ ሁለት ቢሆንም ወስፌው አንድ ነች። እንግዲያው ህንዳዊው ልክ ናቸው ማለት ነው። ጠይብ ኤሷን ላጥፋልህ ቢለው ወርቁ እምቢ አለ። ሰው ጫማውን እስካመጣለት ድረስ ኤሷ ምንም አላደረገችውም።

ጠይብ የሚኖርበት ግቢ ውስጥ ፈሪዳ የምትባል ወጣት አለች። ማታ ለሚማሩ ሰዎች እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ጠይብ ያገኘውን መልስ በኩራት ሲነግራት ሳቅ ይዟት በእጇ አፏን ሸፈነች፤ እሱን ማስቀየም ግን አልፈለገችም። እንግሊዝኛው የሚቆጥረው ሥራውን አይደለም አለችው። «ሹ ሪፔረር» ሲባል ሹ የሚለው ራሱን ችሎ የቆመ ነገር ሳይሆን ሰውየው ምን ዓይነት ጠጋኝ እንደሆነ የሚገልጽ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ ገላጭ የሆነ ቃል ኤስ አይጨመርበትም። ኤስ የሚጨመረው ሰዎቹ ሲበዙ መጨረሻው ላይ ነው።

ጠይብ ታዲያ የመለዋወጫው ለምን አለው አላት።

ፈሪዳ ቃሉን በጣቷ መዳፏ ላይ ጻፈችው። የስፖርቱም አለው፣ አላት ጠይብ። ፈሪዳ እሱን እንደማታውቀው ነገረችው። በሁለት ዓመት የማስተማር ዘመኗ ይህን የጠየቃት ተማሪ የለም፤ እሷም ስትማር አልጠየቀችም። «እሱን ልጠይቅልዎት ጋሼ ጠይብ» አለችው። «እኔም ልወቀው።»

ክረምቱ ገባ። በዚያ ዓመት ለታፔላ ጻፊዎች ሥራ የበዛበት ጊዜ ነበር። መስከረም ላይ ሕዝባዊ ሪፐብሊኩ ስለሚመሠረት ከተማው ሁሉ ይቀባ ነበር፤ ጠይብም ከቀበሌው ታዝዞ በየግድግዳውና በየጨርቁ ላይ መፈክር ሲጽፍ ከረመ። ቀይ ቀለም ከገበያ ጠፋ። ዝናቡ ደግሞ የተጻፈውን ሳይደርቅ ያወርደዋል፤ ጠይብ ተመልሶ ይጽፈዋል።

በዚህ መሐል እትዬ ሠርኬ መጡ። እትዬ ሠርኬ ምን አለሽ ተራ የታወቁ ሴት ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ መዶሻቸውን ያነሱት እሳቸው ናቸው፤ ከአሮጌ በርሜልና ከዘይት ቆርቆሮ የከሰል ምድጃ ይሠራሉ። በኋላ የአካባቢው ምድጃ ሠሪዎች ሲደራጁ ሊቀመንበር አድርገው መረጧቸው። መስከረም ላይ የዕደ ጥበብ ኤግዚቢሽን አለ፣ የውጭ እንግዶችም ይመጣሉ ተብሏልና ታፔላ እንዲጽፍላቸው ነበር የፈለጉት። አማርኛውን ነገሩት። «የምን አለሽ ተራ ምድጃ ሠሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር» የሚል ነው። እንግሊዝኛውን ራስህ ፈልግና ጻፍበት አሉት።

ጠይብ ፈሪዳን ለመናት፤ እሷም «ስቶቭ ሜከርስ ኮኦፐሬቲቭ» ብላ ጻፈችለት። ስቶቭ ምድጃ ነው፣ ሜከር ሠሪ ነው፣ ኤሷ ደግሞ ሠሪዎቹ ብዙ ስለሆኑ ነው ብላ አስረዳችው። እሱም በደንቡ ላሜራውን ነጭ ቀብቶ አማርኛውን ከላይ ጻፈና እንዲደርቅ ከግድግዳው አስደግፎት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ውጭ ዝናብ ነው። ሌላ ሥራ ስላልነበረው የጻፈውን ያያል። ምድጃ ሠሪዎች። እንደገና አየው። ምድጃ። ሠሪዎች።

ተነሳና በዝናቡ ውስጥ ወደ ወርቁ ሮጠ። ምንድን ነህ አንተ፣ ሥራህ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀው። ወርቁ በአፉ ምስማር ይዞ ስለነበር አውጥቶ ጫማ ሰፊ ነኝ አለ።

«ጫማዎች ሰፊ አይደለህም?»

ወርቁ የሚያሾፍበት መስሎት ነበር። ጠይብ ግን ቀጠለ። ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ነው፤ ልብሶች ሰፊ አይባልም። እንጨት ፈላጭ፣ ሰዓት ጠጋኝ፣ መጽሐፍ ሻጭ። እሱ ራሱ ታፔላ ጻፊ ነው፤ ስንት ታፔላ ጽፎ ታፔላዎች ጻፊ ያለው ሰው የለም። ሲበዙም ጫማ ሰፊዎች እንጂ ጫማዎች ሰፊዎች አይባልም። ወርቁ ምስማሩን በእጁ እንደያዘ አንድ አንዱን ቃል በአፉ እያደረገ ሞከረው። ጫማዎች ሰፊ የሚለውን ሲለው ራሱን አሳቀው። ያን ቀን ሁለቱ የሚያውቁትን የሥራ ዓይነት ሁሉ ሲጠሩ ዋሉ፤ ለጫማ የመጣ ሰው ሁሉ እየተጨመረ ክርክሩ ሰፋ። ዕድሜ ልካቸውን በአፋቸው ይዘውት የዞሩትን ነገር አንድም ቀን አለማየታቸው ነበር ጠይብን የገረመው።

እንግሊዝኛውን ጨርሶ ታፔላውን ለእትዬ ሠርኬ ካስረከበ በኋላ፣ አንድ ጠዋት የቀበሌ ጥበቃ መጥቶ ትፈለጋለህ አለው። ስለ ምን ቢለው ስለ ጻፍከው ነገር ነው ብሎት ሄደ። በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ቃል አልነበረም። ሚስቱ አስያ ስትሰማ የያዘችውን አስቀምጣ ምን ጻፍክ አለችው። ጠይብ መንገዱን ሁሉ ዱዓ እያደረገ የጻፋቸውን መፈክሮች በልቡ ሲያነብ ሄደ። አንድ ፊደል ዘልሎ ይሆን? ዝናቡ አንዱን ቃል አጥፍቶ ሌላ ትርጉም ሰጥቶት ይሆን?

የቅስቀሳ ኃላፊው ወልደሚካኤል የሚባል፣ ሠላሳ ገና የሞላው፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው። ከኋላው የምድጃ ሠሪዎቹ ታፔላ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ለኤግዚቢሽኑ የሚቀርብ ጽሑፍ ሁሉ ቀበሌው አይቶት ነበር የሚያልፈው።

«ይኼን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ ጓድ።»

«ስቶቭ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ምድጃ።»

«ስንት ምድጃ?»

ጠይብ አሁን ጥያቄው ገባው። መፈክሩ አይደለም። ኤሷ ናት። ከእፎይታው የተነሳ ፍርሃቱን ረስቶ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተረከለት፤ የህንዳዊውን ጫማ፣ የሰዓት ጠጋኙን ሐሳብ፣ ፈሪዳ ያለችውን። በመጨረሻም ከላይ የተጻፈውን አማርኛ እንዲያይለት ጠየቀው። ምድጃ ሠሪዎች ነው የሚለው፤ ምድጃዎች አይልም።

ወልደሚካኤል ዞሮ ታፔላውን አየ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ጠይብ አይቷል። ምድጃ የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ፣ እንደገናም ከመጀመሪያው አነበበው። አንድ ነገር ሊጠይቅ ያሰበ መስሎ ነበር፤ ግን ስልኩ ጮኸ፣ አናገረ፣ ሲጨርስ ፊቱ ወደ ቀድሞው ተመልሷል። እሱ የተማረው ሲበዛ ኤስ ይጨመራል ተብሎ ነው አለ። እንግዳ መጥቶ ማኅበሩ አንድ ምድጃ ብቻ ይሠራል ብሎ ቢያነብ፣ ከበላይ አካልም ለምን ተብሎ ቢጠየቅ፣ የሚጠየቀው እሱ ነው።

«መጨመር አያስጠይቅም» አለው። «የሚያስጠይቀው ማጉደል ነው። ጨምርበት።»

ጠይብ ተከራክሮ የሚያሸንፍበት ቦታ እንዳልሆነ ያውቃል። እትዬ ሠርኬም ሲሰሙ ጨምርላቸውና ይለፍልን አሉት፤ የሳቸው ሐሳብ ምድጃዎቹ በጊዜ ማለቃቸው ላይ ነበር። በስቶቭና በሜከርስ መካከል የነበረው ባዶ ቦታ ጠባብ ነው። ኤሷን እዚያ ሲያስገባት እንደ ልቡ ሊያሰፋት አልቻለም፤ ቀጥና፣ አንገቷ ተጣብቆ፣ በሁለት ሰዎች መሐል ወንበር ላይ ተሸጋሽጋ የተቀመጠች ሴት መሰለች። ሥራውን ሲያስረክብ ቀና ብሎ አላያትም።

ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት ጠይብ አንድ ቀን ሱቁን ዘግቶ ሄደ። የሄደው ምድጃ ለማየት አይደለም። ከእትዬ ሠርኬ ዳስ ፊት ለፊት አንድ ምሰሶ ተደግፎ የእንግዶቹን ዓይን ሲከተል ዋለ። ኤሷን የሚያይ ሰው ካለ ፊቱ ላይ ያነባል ብሎ ነበር። ነገር ግን እንግዶቹ ወደ ላይ አያዩም። ሁሉም ወደ ታች ነው የሚያዩት። ቁጢጥ ብለው ምድጃው ውስጥ እጃቸውን ይከታሉ፣ አመዱ የሚወድቅበትን ይጠይቃሉ፣ አንዱ በርሜሉ ላይ የቀረውን የዘይት ፋብሪካ ጽሑፍ በጣቱ ይዳስሳል። እትዬ ሠርኬ በአስተርጓሚ ሲያስረዱ ፊታቸው በርቷል። ከሰዓት በኋላ አንዲት ነጭ ፀጉር ያላቸው ፈረንጅ ቀና አሉ። ታፔላውን አነበቡት፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ጠይብ አይቷል። እፍኝ የማይሞላ ፈገግታ ነገር በፊታቸው አለፈ። በኤሷ ይሁን በሌላ ነገር ግን ሊያውቅ አልቻለም። ሴትየዋ ወደ ሸማ ሠሪዎቹ ዳስ አለፉ፤ እሱም ተከትሎ ሊጠይቃቸው አሰበ፤ ግን ቋንቋው የት አለ።

ኅዳር ላይ፣ አየሩ ደርቆ ቀለም በወጉ በሚይዝበት ሰሞን፣ ወልደሚካኤል ጠይብ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ተገኘ። የቀበሌ ካኪውን ለውጦ ኮት ለብሷል። ጠይብ ሲያየው ደንግጦ ተነሳ። ወልደሚካኤል ግን ተቀመጡ አለው፤ በቀበሌው አንተ ይለው የነበረው ሰው አሁን እርስዎ ማለቱን ጠይብ ልብ ብሏል። ከቀበሌው ተነስቶ አንድ የመንግሥት የንግድ ድርጅት ውስጥ ተመድቧል። ከውጭ ድርጅቶች ጋር ስለሚጻጻፉ ጠረጴዛው ላይ የምትቆም፣ ስሙንና ሥራውን በሁለት ቋንቋ የምትናገር ሰሌዳ ያስፈልገዋል። ወረቀቱን ሰጠው። እንግሊዝኛው «ሴልስ ኦፊሰር» ይላል። ጠይብ ፊደሎቹን እያየ መጀመሪያው ቃል መጨረሻ ላይ ደረሰ። ኤስ አለች።

ቀና ሲል ወልደሚካኤል እያየው ነበር። ለዚያ ነው የመጣሁት አለው። ሰሌዳውንስ መሥሪያ ቤቱ አቅራቢያም ማሠራት ይችል ነበር። ሴል ሽያጭ ነው፤ የመጀመሪያው ቃል ኤስ አይጨመርበትም ብለውኝ አልነበረም ወይ? እንግዲያው የትኛችን ነን የተሳሳትነው? ይህን ሲል ጠይብ በድምፁ ውስጥ ድል ፈልጎ አጣበት። ሰውየው በእርግጥ ግራ ገብቶታል።

«ያን ቀንም ልጠይቅዎት ፈልጌ ነበር» አለ ወልደሚካኤል። «እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ መጠየቅ አልቻልኩም።»

ጠይብ እሱም እንደማያውቀው ነገረው። ፈሪዳ ግን ወደ ማታ ትምህርት ቤቷ ስትሄድ በዚህ ታልፋለችና ትንሽ ቢታገሥ አለው። ወልደሚካኤል ተቀመጠ። ወርቁም ከጎን ሲሰማ ስለነበር የሚሰፋውን ጫማ ይዞ መጣ። ፈሪዳ ስትደርስ ሦስት ሰው በበርጩማ ተደርድሮ ጠበቃት። የቀበሌውን ሰው ስታይ መጀመሪያ ቃላቷን ትመርጥ ነበር፤ ጥያቄውን ስትሰማ ግን ረሳችው።

እሷም ከክረምቱ ጀምሮ ስትጠይቅ ነበር የቆየችው። አንድ አንጋፋ አስተማሪ ያሏት፣ አንዳንድ ቃል ኤሱን ይዞ የአንድ ነገር ስም ይሆናል ነው። ሴልስ ማለት አንድ ሽያጭ፣ ሁለት ሽያጭ ሳይሆን የመሸጥ ሥራው በሞላ ነው። መለዋወጫውም እንደዚያው፤ ስፖርቱም። ኤሷ የብዛት ከመሆን ወጥታ የስሙ አካል ሆናለች ማለት ነው። ታዲያ የትኛው ቃል እንደዚያ እንደሚሆን፣ የትኛው እንደማይሆን በምን ይታወቃል ብላ ስትጠይቃቸው፣ በመልመድ ነው ብለዋት ሄዱ።

«በመልመድ» አለ ወልደሚካኤል፣ ቅር ያለው መስሎ።

ፈሪዳ የእኛም እኮ እንዲያው ነው አለችው። የጥርስ ሐኪም እንላለን፤ ጥርስ ግን አፍ ሙሉ ነው። የዓይን ሐኪም እንላለን፤ ዓይን ሁለት ነው። ወደ ልጆች ስንመጣ ደግሞ የሕፃናት ሐኪም ነው የምንለው። የሕፃን ሐኪም የሚል አለ? ሦስቱም የለም አሉ። ለምን አለቻቸው። ውጭ ተሸካሚዎች ዘወር በሉ እያሉ ያልፋሉ።

በመጨረሻ ወርቁ ከጫማው ቀና ሳይል፣ ጥርሱ ስንት ቢሆን የሚያመው አንድ ሰው ነው አለ። «ሕፃናት ግን እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው ነው የሚያለቅሱት።»

ፈሪዳ ይህ እውነተኛው ምክንያት ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ግን ከእኔ ይሻላል ብላ ሳቀች። ወልደሚካኤልም ሳቀ፤ ጠይብ ሰውየው ሲስቅ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ እንግዲህ ሁለታችንም ልክ ነበርን ማለት ነው ብሎ ጠየቃት።

«ለምድጃው እንኳ ልክ አልነበሩም» አለችው።

ወልደሚካኤል ራሱን ነቀነቀ። ታፔላው አሁን የት እንዳለ ጠየቀ። ምን አለሽ ተራ፣ ማኅበሩ በር ላይ ተሰቅሏል። ጠይብ ጨርቁንና የአኳራጁን ጠርሙስ ያዘ፤ ሁለቱ አብረው ሄዱ።

ምን አለሽ ተራ እንደ ሁልጊዜው ከመዶሻው ድምፅ የተነሳ ሰው በጆሮ ካልሆነ በቀር አይነጋገርም። እትዬ ሠርኬ በርሜል በመቀስ እየቆረጡ ነበር። ወልደሚካኤልን ሲያዩ ምን አጠፋን ደግሞ አሉ። እሱ ጎንበስ ብሎ፣ አላጠፋችሁም፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ በክረምት ያስጨመርኩት ፊደል ትክክል አልነበረም አላቸው። እትዬ ሠርኬ መቀሱን አስቀምጠው አንድ ጊዜ ሰውየውን፣ አንድ ጊዜ ታፔላውን አዩ። የቀበሌ ሰው እንዲህ ሲናገር ሰምተው ስለማያውቁ ከኋላው ሌላ ነገር ይኖራል ብለው ጠበቁ። ሌላ ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወደ ጠይብ ዞረው የትኛዋ ናት የምትጠፋው አሉት። ጠይብ የቀጠነችውን አሳያቸው።

«መጨረሻ ላይ ያለችውስ?»

«እሷ ትክክል ናት። እሷ እናንተ ናችሁ።»

«እኛ?»

«ሠሪዎቹ። ብዙ ስለሆናችሁ።»

እትዬ ሠርኬ ወደ ውስጥ ዞረው የሚቀጠቅጡትን፣ የሚያጥፉትን፣ ምስማር የሚመቱትን አባሎቻቸውን አዩ። ማኅበሩ ሲመሠረት ብዙዎቹ ሳይወዱ በግድ የገቡ ነበሩ፤ እሳቸውም ስብሰባው ሲበዛባቸው ብቻዬን ብሠራ ኖሮ ያሉበት ቀን ጥቂት አይደለም። ጠይብ ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ምን እንደሚሉ ጠበቀ።

«እሷን እንዳትነካት» አሉት። «ሌላዋን አንሳት።»

ጠይብ በመሰላል ወጣ። ጨርቁን በአኳራጅ አርሶ ቀጭኗን ኤስ ጠረጋት። ቀለሙ በዝናብ ጊዜ ተቀብቶ በደንብ ስላልጠነከረ ቶሎ ለቀቀ፤ ነጩ ላይ ፈዛዛ ጥላዋ ብቻ ቀረ፤ እሱንም ደጋግሞ ሲያሸው ጠፋ። ወልደሚካኤል ከታች መሰላሉን ይዞለት ነበር። ከወረደ በኋላ ሁለቱም ወደ ኋላ ራቅ ብለው አዩት። ቦታው ባዶ ሆኖ ቃላቱ እንደገና ተነፈሱ።

ሰሌዳውን ጠይብ በሳምንቱ ጨርሶ ሰጠው፤ ሴልስ ከነኤሷ። ወልደሚካኤል ከዚያ በኋላ በመርካቶ ሲያልፍ ጎራ እያለ አዲስ ያገኘውን ይነግረው ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤዎች ሲያነብ እንዲህ ያለ ቃል ካጋጠመው ጠይብና ወርቁ ምን ይሉ ይሆን ብሎ ያስባል። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛወረና ሳይገናኙ ቀሩ።

ጠይብ ኤሷን ባነሳበት በዚያው ዓመት፣ በአርባ ዓመቱ፣ ፈሪዳ የምታስተምርበት የማታ ትምህርት ቤት ተመዘገበ። አስያ መጀመሪያ ላይ አሾፈችበት፤ በኋላ ግን ደብተሩን የምታስታውሰው እሷ ሆነች። ጥፍሩ ውስጥ ቀለም እንዳለ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። አንድ ምሽት ፈሪዳ ሰሌዳው ላይ ኒውስ ብላ ጻፈችና ወሬ፣ ዜና ማለት ነው አለች፤ መጨረሻው ላይ ኤስ ቢኖረውም እንደ አንድ ነገር ነው የሚቆጠረው ብላ አለፈች። ጠይብ ጎኑ ያለውን ሰው አየ፤ ሰውየው እየጻፈ ነው። ፊት ያሉትም ይጽፋሉ። እሱ ግን እርሳሱን አስቀመጠና እጁን አነሳ።